ጥያቄና መልስ፦ ሳይወጣ የቀረው ማግማ

ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ላይ ፈንድቶ አመዱን ቀይ ባሕር አሻግሮ እስከ ሕንድ ካደረሰ ወዲህ ለዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ መልኩ ተቀይሯል። ድሮ ስለ ጨረቃና ስለ ስልክ ባትሪ ነበር የምትጠይቁን። አሁን ሰው ሁሉ ወደ ታች ነው የሚያየው። ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡት ጥያቄዎች ተቀራራቢ ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ረዣዥሞቹን አሳጥረናል፤ ስድቡንም ቀነስ አድርገናል።

«ከደሴ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሚኒባስ ነው የምነዳው። ሐረጎ ላይ ስንደርስ ወሬው ሁሌ ያው ነው። አንዱ ‹አፋር ስር ያለው እሳት የደሴን ተራራ ከስሩ እየበላው ነው› ይላል። ሌላው ‹መሬት እኮ በቀለጠ ድንጋይ ባሕር ላይ ነው የተንሳፈፈችው› ይላል። ወላሂ ጭቅጭቁ አላስነዳ አለኝ። ቁርጡን ንገሩኝና ልረፍ።» (ከኮምቦልቻ)

ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ ግን የመጀመሪያው ይሻላል።

ባሕሩን እናስቀድም። ከእግራችን ስር የቀለጠ ድንጋይ ባሕር የለም። መጀመሪያ ቅርፊቱ አለ፤ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ውፍረቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሱ ስር ማንትል ይመጣል። እሱም ድንጋይ ነው፣ ጠጣር። የማንትሉ ላይኛው ክፍል ቀዝቀዝ ያለና ግትር ስለሆነ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ አብሮ ይሄዳል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ነው ፕሌት የምንላቸው። ወደ ታች እየሄድክ ሙቀቱ 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ድንጋዩ ሳይቀልጥ ይለሰልሳል፣ በዓመት በሴንቲ ሜትር የሚለካ ፍሰት ይጀምራል። የፕሌቱ መሠረት ይህ ድንበር ነው። በጥንታዊ አህጉሮች እምብርት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠልቃል። በእኛ ደጋ ጠርዝ ግን የተገኘው 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። አፋር ስትገባ ደግሞ ድንበሩ ራሱ ደብዝዞ ይጠፋል።

ታዲያ ማግማው፣ ከመሬት ስር ያለው ቅልጥ ድንጋይ፣ ከየት መጣ? ድንጋይ የሚቀልጠው ሙቀት ስለጨመረ ብቻ አይደለም። ጥልቅ ቦታ ላይ ግፊቱ አፍኖ ይይዘዋል፣ እንዳይቀልጥ ይከለክለዋል። ትኩሱ ማንትል ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀልለታል፤ ያኔ ከመቶ ጥቂት እጁ ይቀልጣል። ከአፋር ስር የሚወጣው ማንትል ደግሞ ከተለመደው 100 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሚሞቅ ነው። ለቅልጠት ይህች ጭማሪ ቀላል አይደለችም።

ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይኸው ትኩሳት ሰሜን ኢትዮጵያን በላቫ (ላይ ወጥቶ በፈሰሰ ማግማ) አጥለቀለቃት። ላቫው የወጣው ከአንድ ተራራ አፍ ሳይሆን ከረጃጅም ስንጥቆች ነው። አብዛኛው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ፈሶ አለቀ፤ ውፍረቱ አንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ደርሷል። የደሴው ጦሳ ተራራ የዚህ ክምር ቁራጭ ነው። ሐረጎ ላይ መንገዱ ሲቆረጥ የተጋለጠውን ግድግዳ ቆም ብለህ እየው (መኪናዋን ዳር አስይዝ፣ በእጅ ፍሬን)። ጥቁሩ ባዛልት፣ የረጋው ላቫ፣ በድርብርብ ነው የተቀመጠው። እንዲህ ባለው ክምር መሃል ቀላ ያለ የአፈር መስመር ካገኘህ፣ አንዱ ላቫ ረግቶ ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ ዝናብና ፀሐይ አፈር ያደረገው ነው፤ ቀጣዩ ላቫ ላዩ ላይ ፈስሶ ጠበሰው። ውጫሌ በኩል በላቫው ድርብርብ መሃል የድንጋይ ከሰል የተገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሁለት ፍሳሽ መካከል ዛፍ በቅሎ፣ ወድቆ፣ ረግረግ ውስጥ ለመቀበር ጊዜ ነበረው ማለት ነው።

ገደሉን የቆረጠው ደግሞ መሳሳብ ነው። የዓረቢያ ፕሌት ከአፍሪካ እየራቀ ሲሄድ መሃል ያለው አፋር ተሳበ፣ ሳሳ፣ ሰመጠ። ዛሬ የአፋር ቅርፊት ከ16 እስከ 26 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጠርዙ ግን በአንድ ምት አልተቆረጠም፤ በደረጃ በደረጃ ነው የወረደው። ኮምቦልቻ ያለችበት የቦርከና ሸለቆ በደረጃው ላይ ያለ ራሱን የቻለ ትንሽ ስምጥ ነው። ለዚህ ነው ወደ ባቲ ስትሄድ ቀጥ ብለህ ቁልቁል ከመውረድህ በፊት ሌላ ዳገት የሚጠብቅህ። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ልዩነቱን ለፍሬን ሸራ የምታወጣው ገንዘብ ይነግርሃል።

«እየበላው ነው» ያለው ተሳፋሪህ እንግዲህ ወደ እውነቱ የተጠጋው በአንድ ነገር ነው። ከስር የሚመጣ ነገር የፕሌቱን መሠረት ለውጦታል፣ ዛሬም እየለወጠው ነው። እንዴት የሚለውን የሚቀጥለው ጠያቂ አጥብቆ ይዞናል።

«ደሴ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ድንጋይ ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም ብለን እናስተምራለን። እናንተ ደግሞ ከስር የመጣ ሙቀት ያን የሚያህል ፕሌት በ30 ሚሊዮን ዓመት አለሰለሰ ትላላችሁ። ሒሳቡ አልመጣልኝም።» (ከደሴ)

መምህር፣ ሒሳብዎ ልክ ነው። ይህን ጥያቄ በማንሳትዎም ደስ ብሎናል፣ ምክንያቱም ብዙ መጽሐፍ «ከስር ሞቀና ሳሳ» ብሎ ነው የሚያልፈው።

ሙቀት በድንጋይ ውስጥ በመተላለፍ ብቻ 1 ኪሎ ሜትር ለመዝለቅ 30 ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ርቀቱ አስር እጥፍ ሲሆን ጊዜው መቶ እጥፍ ይሆናል፤ ተማሪዎችዎ ራሳቸው ሊያሰሉት ይችላሉ። ስለዚህ ለ10 ኪሎ ሜትር 3 ሚሊዮን ዓመት፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 300 ሚሊዮን ዓመት። ትኩስ ማንትል ከፕሌቱ ስር ተለጥፎ ቢቀመጥና በመንካት ብቻ ቢያሞቀው ኖሮ ዛሬም የታችኛውን ጠርዝ ከማሞቅ ብዙም ባላለፈ ነበር።

ሥራውን የሚሠራው ማግማው ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ ራሱ ይገባል። ድስት ውስጥ የረጋ ወፍራም ሽሮ አለ እንበል። በቀስታ እሳት ከስር ብታሞቁት ከላይ እስኪደርስ ታሪክ ነው፣ ከስሩም ያራል። የፈላ ውሃ ብትጨምሩበትና ብታማስሉት ግን ሙቀቱም ወዲያው ይገባል፣ ሽሮውም ይቀጥናል። ከፕሌቱ ስር የሚሆነውም ሁለቱ አንድ ላይ ነው፦ መሞቅና መለወጥ።

መሞቁን እንይ። ማግማ በዙሪያው ካለው ጠጣር ድንጋይ ይቀልላል፣ ስለዚህ በቅንጣቶች መሃል እየተንጠባጠበ፣ ቀዳዳ እየፈለገ ይወጣል። የፕሌቱ መሠረት ላይ ሲደርስ ቀዝቃዛና ግትር ነገር ይገጥመዋል። እዚያ ይጠራቀማል። ግፊቱ ሲበረታ ድንጋዩን ሰንጥቆ እንደ ቀጭን ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሩቅ ሳይሄድ እዚያው ይረጋል። ሲረጋ ደግሞ ሙቀት ይለቃል፣ ያውም ብዙ። አንድ ኪሎ ቅልጥ ባዛልት ወደ ድንጋይ ሲመለስ ብቻ (ገና ከረጋ በኋላ የሚቀዘቅዘውን ሳንቆጥር) የሚለቀው ሙቀት አንድ ኪሎ ድንጋይ ከ300 ዲግሪ በላይ ለማሞቅ ይበቃል። አንዱ ስንጥቅ ረግቶ ዙሪያውን ያሞቃል፤ የሚቀጥለው በሞቀው መንገድ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ሌላው። ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሜትር ስለሆነ ሙቀቱ በየስንጥቁ መሃል ለመዳረስ ሚሊዮን ዓመት አያስፈልገውም። ርቀቱ አስር እጥፍ ሲሆን ጊዜውን መቶ እጥፍ የሚያደርገው፣ ያ የሚያስቸግረን ካሬ፣ እዚህ ጋ ለእኛ ሠራ ማለት ነው።

መለወጡ ይብሳል። የማንትል ድንጋይ በአብዛኛው ኦሊቪን የሚባል አረንጓዴ ማዕድን ነው። ማግማው ሲያልፍበት አንዳንዱን ማዕድን ያሟሟል፣ በምትኩ ሌላ ያስቀምጣል፦ ፓይሮክሲን፣ ከፍ ሲልም ውሃ የያዙ እንደ አምፊቦልና ሚካ ያሉትን። ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይዞ ይገባል። ውሃ ያገኘ ማንትል ደግሞ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል፣ ሲጎትቱትም በቀላሉ ይሳባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማግማ ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው በር ይከፍታል። የጥንት አህጉሮች እምብርት ቢሊዮን ዓመታት የኖረው እኮ ደረቅ ስለሆነ ነው፤ ገና በጥንት ብዙ ማግማ ተጨምቆ ወጥቶበት የቀረው ዝቃጭ ደረቅ፣ ቀላልና ግትር ነው። ታንዛኒያን ተመልከቱ። ስምጥ ሸለቆው ከሰሜን መጥቶ እዚያ ያለው አሮጌ እምብርት ላይ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ዞሮ ነው የሄደው። አልደፈረውም።

በእኛ ደጋ ስር ደግሞ ሌላም አለ። ከቅርፊቱ ግርጌ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ከተለመደው የቅርፊት ድንጋይ ፈጥኖ የሚያልፍበት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ ንብርብር ተገኝቷል። ወደ ላይ ሳይወጣ የቀረ፣ እዚያው ረግቶ ከስር የተለጠፈ ማግማ ነው። ልብ በሉ፤ ጦሳን የገነባው ላቫ የደረሰበት ትልቁ ውፍረት 2 ኪሎ ሜትር ነው አልን። የምናየውና የምናደንቀው ገደል ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ነው። እኔ በግሌ «እሳተ ገሞራ» ሲባል የሚፈነዳውን ብቻ ማሰባችን ነው ነገሩን የሚያጣምምብን ባይ ነኝ። አህጉር የሚለውጠው በአብዛኛው ሳይወጣ የቀረው ነው።

መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ የሆነው ይህን በዓይናችን አሳይቶናል። በሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የማግማ ግድግዳ ከመሬት ስር ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ከፈተው። ላይ የወጣው? ከአንዲት ጠባብ ስንጥቅ የቦነነ አመድ። ቀሪው ከስር ነው። ለመምህር የሚሆን የፊዚክስ ጥያቄም እዚህ አለ፦ ወፍራምና ቀዝቃዛ ፕሌት በመሳብ ብቻ ለመበጠስ የሚያስፈልገው ኃይል ፕሌቶችን ከሚጎትተው ኃይል ይበልጣል። ማግማ ስንጥቁን ራሱ ሞልቶ ሲገፋለት ግን በጣም ያነሰ ኃይል ይበቃል። በደሴና በባቲ መካከል የደጋው ጠርዝ ወደ አፋር በሚታጠፍበት ቦታ ብዙ እንዲህ ያሉ የረጉ የማግማ ግድግዳዎች አሉ፤ አሮጌውን ላቫ ሰንጥቀው ቀጥ ብለው የቆሙ። ለመስክ ጉብኝት ተማሪ ይዘው ይሂዱ፤ ከጥቁር ሰሌዳ ይሻላል።

«12ኛ ክፍል ነኝ። 75 ኪሎ ሜትር ታች፣ 15 ኪሎ ሜትር ንብርብር ትላላችሁ። ማን ወርዶ አየው?» (ከደሴ)

ማንም፣ እህት። በዓለም ላይ ጥልቁ ጉድጓድ ሩሲያ ውስጥ ኮላ የተቆፈረው ነው፤ 12,262 ሜትር ላይ ቆመ። የቅርፊቱን ሲሶ እንኳ አልጨረሰም።

ግን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሞገድ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ በቀዝቃዛና በጠጣር ድንጋይ ፈጥኖ፣ በትኩስና ትንሽ ቅልጥ ባለበት ደግሞ ዘግይቶ ያልፋል። መሣሪያ በየቦታው ተክለሽ የመድረሻውን ሰዓት ካነጻጸርሽ ከስር ያለውን ታወጪዋለሽ። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ኢግል በተባለው ፕሮጀክት የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች በስምጥ ሸለቆውና በግራ ቀኙ ደጋ ላይ መሣሪያ ዘርግተው፣ ራሳቸውም ፈንጂ ቀብረው እያፈነዱ ነው የለኩት።

ሁለተኛውን እኔ እመርጠዋለሁ፣ ምክንያቱም በእጅ ይያዛል። ፈጥኖ የሚወጣ ማግማ አንዳንዴ ከመንገዱ ላይ የማንትል ቁራጭ ገንጥሎ ይዞ ይወጣል። ጎጃም ውስጥ እንጅባራ አካባቢ ጥቁሩን ባዛልት ስትሰብሪው መሃሉ ላይ አረንጓዴ ጓል ታገኛለሽ። ኦሊቪኑ ብርሃን ላይ ያብለጨልጫል፣ ጠቆር ያሉ የፓይሮክሲን ቅንጣቶች ጣልቃ ገብተውበታል። ይህ ድንጋይ በአስር ኪሎ ሜትሮች ከሚቆጠር ጥልቀት የመጣ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲመረመርም ማግማ ሰርጎ ገብቶ እንደለወጠው ያሳያል፤ ለመምህሩ የነገርነው ወሬ ሁሉ ማስረጃው እዚህ ድንጋይ ላይ ተጽፏል።

አንድ ጥሩ የምርመራ ታሪክ ልጨምርልሽ። ሰሜን ቻይና ውስጥ ሻንዶንግና ሊያኦኒንግ የሚባሉ ግዛቶች አልማዝ አለ። አልማዙን ያወጣው ከ470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳ ማግማ ነው። አልማዝ ለመፈጠር 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት፣ ያውም ቀዝቃዛ ድንጋይ ይፈልጋል። ስለዚህ ያኔ ፕሌቱ ወፍራም ነበር። በዚያው አካባቢ እጅግ ዘግይቶ የወጣ ባዛልት ደግሞ ይዟቸው የመጣቸው የማንትል ቁራጮች አሉ፤ እነሱ ሲመረመሩ ፕሌቱ ከ80 ኪሎ ሜትር አይዘልም፣ ሞቃትም ነው። ከስሩ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ጠፋ ማለት ነው። በዳይኖሰሮች ዘመን ከፓስፊክ በኩል የገባ ፕሌት ውሃ እየለቀቀ፣ ማግማ እያስነሳ እንዳዳከመው ነው ብዙዎቹ የሚያስረዱት። የማይነካ የሚመስለው እምብርትም ማግማና ውሃ ከገባበት ይፈርሳል።

«ደሴ ፒያሳ ኦፓል እሸጣለሁ። የደላንታ ኦፓል ከዚህ ጉዳይ ጋር ይገናኛል? ለደንበኛ የምነግረው ነገር ፈልጌ ነው።» (ከደሴ)

ይገናኛል፣ በዙሪያ ጥምጥም። ኦፓል ራሱ ከማግማ አይወጣም። ውሃ ከእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ሲሊካ (መስታወት የሚሠራበትን ንጥረ ነገር) አሟሙቶ በቀዳዳው ውስጥ ሲያስቀምጠው የሚፈጠር ነው። ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓሉ ያለበት ንብርብር ግን ሲሊካ የበዛበት፣ በትኩሱ ተጣብቆ የረጋ የአመድ ድንጋይ ነው። ይህ ዓይነቱ ቀጥታ ከማንትል አይመጣም። ባዛልቱ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ቅርፊቱ ውስጥ ሲታገት፣ ቀስ በቀስ ሲረጋና ዙሪያውን ሲያቀልጥ የሚተርፈው ፈሳሽ ነው ሲሊካ በዝቶበት በኋላ የሚፈነዳው። እና ለደንበኛህ «ከስር ከታገተ ማግማ ልጅ የተገኘ» ብትለው አልዋሸህም። ብዙው የወሎ ኦፓል ውሃ እንደሚጠጣና ሲጠጣ ቀለሙ ጠፍቶ ሲደርቅ እንደሚመለስም አብረህ ንገረው። ቀለበቱን ይዞ ገላውን ታጥቦ «አታለልከኝ» እያለ ከሚመጣብህ ይሻላል።

«ልጆቼ ደሴ ቤት ልንገዛልሽ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ይህን የእሳት ወሬ ከሰማሁ እንቅልፍ አጣሁ። ጦሳ ይፈነዳል ወይ? ቤቱ ይቅርብኝ?» (ከኮምቦልቻ)

አብሽሩ እናታችን። ጦሳ የሚፈነዳ ተራራ አይደለም፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የፈሰሰ ላቫ ክምር ነው፣ አፍ የለውም። ከስር የሚካሄደው ማሞቅና መለወጥ በሰው ዕድሜ የሚታይ አይደለም። ዛሬ የሚፈነዱት እሳተ ገሞራዎች ወደ አፋር ወርደው ነው ያሉት፣ ከእርስዎ ሩቅ።

የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የምንኖረው የደጋው ጠርዝ በተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ከደቡብ በኩል ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው፣ መጠኑ ከ6 በላይ የነበረው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል። ስለዚህ ቤቱ እንዴት እንደተሠራ ይጠይቁ፤ ዓምዱ ብረት አለው ወይስ ድንጋይ በጭቃ ብቻ የተደረደረ ነው?

ከሁሉ በላይ ግን ደሴ ላይ ሰው ሊፈራው የሚገባው ማግማ ሳይሆን ክረምት ነው። ከተማዋ የመሬት መንሸራተት የቆየ ችግር አለባት። ባዛልቱ ሲበሰብስ ጭቃ ይሆናል፣ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዝናቡ አይጣል ነው። ቤቱን በበጋ አይተው ቀብድ እንዳይከፍሉ። ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ልጆችዎን ይዘው ይሂዱ። ግድግዳው ላይ በሰያፍ የሄደ ስንጥቅ፣ ወደ ቁልቁለቱ የተጋደመ አጥር ወይም የመብራት እንጨት፣ ከበላይ ካለው ዳገት ስር የሚመነጭ ውሃ ካዩ ዋጋ ለመከራከር እንኳ አይቀመጡ። ጎረቤቱን ደግሞ ቡና ላይ ይጠይቁ፤ ደላላው የማይነግርዎትን እሱ ይነግርዎታል።